የጋሞ ደጋ ኑሮ፦ የዶርዜ ቤት ከተነሣ ስለ ዱቡሻውም እንነጋገር

ከጨንቻ_ማዶ ጻፈ፦

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ ዶርዜ ላይ ወርዶ ቤቱን ፎቶግራፍ ያነሣል። ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን፣ ወደ ፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢ እየተባለ ዝሆን መምሰሉ ይነገረዋል። ከዚያ ቆጮ በዳጣ ይቀምሳል፣ ጋቢ ይገዛል፣ ይወርዳል። ስለ ጋሞ ሕዝብ በየመድረኩ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የዚያ ግማሽ ቀን ወሬ ነው። እኔ ደጋው ላይ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቤቱን እወደዋለሁ፤ ቤቱን ያቆመው ኑሮ ሳይነገር ሲቀር ግን ያንገበግበኛል።

ቤቱ ምሰሶ የለውም። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ከመሬት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ ይጎነጎናል፣ ከላይ የቀርከሃ ቅርፊት ወይም የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላው እየተቆረጠ ሲጣል ቤቱ ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል። ስለዚህ ረጅሙ ቤት የአዲስ ጎጆ ወጪ ነው፣ አጭሩ የአያት። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ይጠራና ቤቱ እንዳለ ተነሥቶ በትከሻ ይሄዳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ጎረቤቶቹን አስቀይሞ መኖር አይችልም፤ ተሸካሚ ያጣል።

ውስጡ ሲገባ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት፣ መካከል ላይ እሳት አለ። የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ አካባቢ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ ያልኖረበት አያውቀውም። የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። የእሳቱ ጭስ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ጠዋት የሚጠረገው እበት በጓሮ ላለው እንሰት ይሄዳል። እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፣ ቅጠሉ ጣሪያ ይሆናል፣ ተረፈ ምርቱ ተመልሶ ለከብቱ ይሰጣል። ከብቱ የተሸጠበት ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንሰቱ እንደሚቀጥን ማንኛዋም የደጋ እናት ትነግራችኋለች።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ደጋው ዶርዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዶኮ፣ ኤዞ፣ ኦቾሎ፣ ዲታ፣ ቦንኬ እያልን ብንቆጥር ብዙ ዴሬዎች አሉ። ዴሬ ማለት የራሱ መሬት፣ የራሱ ካዎ (የዴሬው አባት)፣ የራሱ ሃላቃዎች (በጉባኤ የሚመረጡ የሕዝብ አገልጋዮች) እና የራሱ ዱቡሻ ያለው አገር ነው። በየሸንተረሩ ጫፍ ላይ ምሳር ያልነካቸው ጥንታዊ ደኖች የምታዩት አባቶች የሚቀበሩበት ወይም ምንጭ የሚፈልቅበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ሌላው ኮረብታ ሁሉ ባሕር ዛፍ ሲለብስ እነዚያ የተረፉት በወግ ነው።

የምታውቁትን ጨምሩበት። በተለይ ከጋሞ የወጣችሁ።

የሽሮ_ሜዳ_ሸማኔ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ ስለ ሽመናው እኔ ልጨምር። አባቴም አያቴም ከጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ጥለው ሲሸምኑ የኖሩ ናቸው፤ እኔም ይኸው እዚያው ነኝ። ዶርዜ ስሙ በመላው አገር የታወቀው በሸማ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ፣ አገሩ በአፄ ምኒልክ ግዛት ከተጠቃለለ በኋላ፣ ሸማኔዎቻችን ወደ አዲስ አበባ መጥተው በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ሽሮ ሜዳ ዛሬም የሚኖረው በእነዚያ ሰዎች ልጆች እጅ ነው። እናትና እህት ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዱ ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ የዱንጉዛ ሱሪ ዛሬ በየሠርጉ የሚለበሰው ከዚያ ደጋ የወረደ ነው።

ለእኛ ዓመት ማለት መስቀል ነው፤ በእኛ ማስቃላ። የከተማው ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥበው ለዚያ ነው። ለሚስቱ ልብስ፣ ለወላጆቹ ጋቢ፣ ለበሬው መግዣ ገንዘብ ይዞ ይገባል። ሥጋው ተቃርጦ፣ ችቦው ተለኩሶ፣ «ዮ ማስቃላ!» ሲባል የተጣላ ሰው ተጣልቶ አይቀርም፤ ሳይታረቁ በዓሉን መዋል ነውር ነው። ወንዶቹ የሚዘፍኑትን ሰምታችሁ ከሆነ አንዱ ድምፅ አንዱን አይከተልም፤ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይዞ ከሌላው ጋር ይጠላለፋል። ብዙ የውጭ አገር የሙዚቃ ተመራማሪዎች ለዚያ ዘፈን ብለው ዶርዜ ድረስ ወጥተዋል።

አሁን ግን የሚያስጨንቀኝን ልናገር። በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ጥለታችንን ቀድቶ ገበያ ሞልቶታል። ሌላውና የከፋው የሕፃናቱ ነገር ነው። ከደጋው «ሙያ ይማራል፣ ትምህርት ቤትም ይገባል» ተብለው ለወላጅ ቃል ተገብቶላቸው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ትምህርት ቤት ሳያዩ ያድጋሉ። ይህን የሚሠራው ሩቅ ሰው አይደለም፤ የአገራቸው ሰው ነው። ወጋችንን ስናወድስ ይህንን ብንሸፍን ውሸት ነው፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ በአደባባይ የሚደበቅ ውሸት ምን እንደሚባል ከጨንቻ ማዶ ያውቀዋል።

የጓሮ_እንሰት ጻፈች፦

ሁለታችሁም ወንዶች ናችሁና እንሰቱን ባጭሩ አለፋችሁት። እኔ ላስረዝመው።

እንሰት ደጋ ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ብርድ በበዛ ቁጥር ይዘገያል። ስለዚህ አንዲት ጓሮ ውስጥ የሁሉም ዕድሜ ተክል መኖር አለበት፦ ዘንድሮ የሚቆረጥ፣ ለከርሞ የሚቆይ፣ ገና የተተከለ። ወንዱ ይተክላል፣ ያዛውራል። ሲደርስ ሥራው የሴት ነው። ግንዱን በሰሌዳ ላይ አስደግፋ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ይዛው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ከፍቂው ወፍራሙ ለቆጮ፣ የሚጠልለው ነጭ ዱቄት ለቡላ፣ ሥሩ ተቀቅሎ አምቾ፣ የቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ይቦካል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የእናቴ ወገብ የተጎዳው በዚህ ነው፣ የጎረቤቶቿም እንደዚሁ።

በአገራችን እንሰት የሚመግበው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን ይጠጋል ይባላል። ግንዱ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ዝናብ ሲቀር ገብስ ሲደርቅ እንሰት ይቆማል። በድርቅ ዓመታት የሌላው አገር ሰው ሲሰደድ ደጋው የቆየው በጓሮው ነው። ዛሬ የሚፈራው አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። አንድ ተክል ከያዘው በቢላዋው ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት ሳያሳልፉ ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛ መሄድ አይገባም። ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሯቸው። የሚያውቁም አሉ፣ የማያውቁም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ሙሽራ ተጋብታ ለተወሰነ ጊዜ ቤት ውስጥ ከቆየች በኋላ ራሷ ላይ ቅቤ ተደርጎላት፣ ተሸልማ ገበያ ዞራ ለሕዝብ ትታያለች። እኔ ዞሬያለሁ። የገበያው ሴቶች ሁሉ ቆመው ሲመርቁኝ ያገኘሁትን ክብር በሌላ ቀን አላገኘሁትም።

አንባቢ_ከደሴ ጻፈ፦

ስለ ሕዝቡ ብዙ አላውቅም ነበርና እያነበብኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዱቡሻ የተባለው ምንድን ነው? ከእኛ የሽማግሌ ዳኝነት በምን ይለያል? ሸማኔው ደግሞ «ምን እንደሚባል ያውቀዋል» ብሎ አለፈ፤ ምን ይባላል?

ከጨንቻ_ማዶ ጻፈ፦

ወንድሜ ከደሴ፣ ጎሜ ይባላል። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ናቸውና አብሬ ልመልሳቸው።

ዱቡሻ ሜዳ ነው። ሣር የለበሰ፣ ዙሪያውን መቀመጫ ድንጋይ ያለው፣ አንዳንዱም ታላላቅ ዛፎች የከበቡት። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ የማንም አይደለም። የመንደር ዱቡሻ አለ፣ የዴሬ ዱቡሻ አለ፤ ትንሹ ያልፈታውን ትልቁ ይመለከታል። የመሬት ወሰን፣ ስርቆት፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ መንገድ መጥረግ፣ ከጎረቤት ዴሬ ጋር የሚደረግ ዕርቅ ሁሉ እዚያ ይነገራል። በምርቃት ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል። ተናጋሪው ይነሣል፣ ሌላው ተቀምጦ ይሰማል፤ ሰው እየተናገረ ማቋረጥ ነውር ነው። ድምፅ አይቆጠርም። ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራል፤ ካልተስማማ ለሌላ ቀን ያድራል። ካዎው የዴሬው አባት ነው፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ይመርቃል፤ ግን ዱቡሻው የወሰነውን በራሱ ቃል መሻር አይችልም።

ሃላቃ የሚሆነውን ሰው የሚመርጠው ጉባኤው ነው። ሲመረጥ ደስታና ጭንቀት አንድ ላይ ይመጡበታል፤ ምክንያቱም ድግስ አለበት። ለዓመታት ያጠራቀመው ከብት፣ ገብስ፣ ቅቤ ለሕዝቡ ይወጣል። ቅቤ በራሱ ላይ ተደርጎለት ገበያውን ሲዞር ሀብቱ አልቆ ክብሩ ይጀምራል። ባለጸጋ የሆነ ሰው ሀብቱን ይዞ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ያደረገ ሥርዓት ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ይህን ነው። ሃላቃ ከሆነ በኋላም የሕዝብ አገልጋይ እንጂ አዛዥ አይደለም።

ጎሜ የሚባለው ወግ ሲጣስ የሚመጣው ነገር ነው። ወሰን የገፋ፣ የሰረቀውን የደበቀ፣ በሐሰት የማለ፣ ደም ያፈሰሰ ሰው በራሱ ብቻ አይቀርም፤ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች። ስለዚህ መከራ ሲመጣ ጥያቄው «ማን ምን ደብቆ ነው?» የሚል ነው። መድኃኒቱ ተደብቆ የነበረውን በሰው ፊት መናገርና መታረቅ ነው። ከሌላው የሽማግሌ ዳኝነት የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጥፋተኛው ካሣ ከፍሎ ቢጨርስም ካልተናገረ አልጨረሰም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በቡራዩ በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። አገሩ ሁሉ ሥዕሉን አይቶ «እንዴት ያለ ትሕትና» አለ። ትሕትና ብቻ አልነበረም። ያን ሣር ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው ወጉን ይሰብራል፣ ጎሜውንም ራሱ ላይ ይጭናል፤ ወጣቶቹ ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ለዚያ ነው የቆሙት። ሐዘናቸው ትክክል ነበር፣ ቁጣቸውም እንዲሁ፤ ግን ሣሩን አልረገጡትም።

የኮንሶ_ልጅ ጻፈ፦

ጎረቤታችሁ ነኝ። በእኛም የመንደሩ ሞራ አለ፤ ወጣት ወንዶች የሚያድሩበት፣ ሽማግሌ የሚመክርበት፣ ፊቱ ያለው አደባባይ ላይ ትውልድ ሥልጣን ሲረከብ ግንድ የሚተከልበት። በድንጋይ የተካበው እርከናችንና የታጠሩት መንደሮቻችን በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ለጀግኖች መታሰቢያ የሚቆመውን ዋካ ሌባ ከመቃብር ላይ እየነቀለ ለውጭ ሰው ሸጦታል። ሊሸጥ የሚችል ቅርስ ይሰረቃል። የእናንተ ዱቡሻ ሜዳ ስለሆነ ማንም ተሸክሞት አይሄድም፤ ግን መሬት የሚፈልግ ማዘጋጃ ቤት ሊወስደው ይችላልና ወሰኑን በካርታ አስመዝግቡ። ይህን ከልቤ ነው የምመክራችሁ።

የሸክላ_ሠሪ_ልጅ ጻፈች፦

ሁሉንም አነበብኩ። ከጨንቻ ማዶ የጻፈው ውሸት የለበትም፤ የጎደለ ግን አለበት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በደጋው «ማና» ከሚባሉት ወገን ነን። ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት «ደጋላ» ይባላሉ። ቤታችሁ የሚበስልበት ድስት ከእናቴ እጅ የወጣ ነው፤ ሞፈሩን የሚያሾለው ማረሻ ከጎረቤታችን ምድጃ። በለቅሷችሁ ቀንድ የሚነፉት የእኛ ወንዶች ናቸው። ነገር ግን ከእናንተ ጋር አንጋባም። በብዙ ቦታ መቃብራችን የተለየ ነው። አያቴ ገበሬ ቤት ሲሄድ ከደጃፍ ይቀመጥ ነበር፤ ውኃ ሲሰጡት የሚጠጣበት ዕቃ ለብቻው ነበር። መሬትም አልነበረንም፤ ኖሮንም ከሆነ ገደል ነበር።

ዱቡሻው የማንም አይደለም ተባለ። የእኛ ግን አልነበረም። ተቀምጠን የተናገርንበት ቀን አልነበረም። ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራሉ ሲባል «ሁሉም» ውስጥ አባቴ የለም፣ ሴትም የለችም። ሸማኔው የሕፃናቱን ነገር በድፍረት ተናግሯል፤ አከብረዋለሁ። ይህንንም የሚናገር ገበሬ እፈልጋለሁ።

የጓሮ_እንሰት ጻፈች፦

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እናቴ ድስት ከእናንተ ቤት ስትገዛ ከበር ውጭ ቆማ ነበር የምትቀበለው፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ ዝም በይ ትለኝ ነበር። ልጆቼን ግን ከሸክላ ሠሪ ልጆች ጋር በአንድ ሰሃን አብልቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ጤነኞች ናቸው።

ወንጌላዊው_ከኤዞ ጻፈ፦

በብዙ መንደሮች መለያየቱን መጀመሪያ የሰበረው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ስለተቀመጥን። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። በመሥዋዕቱ ምክንያት አማኞች ከሃላቃው ሥርዓት ወጥተዋል፤ አንዳንድ ዴሬ ላይ ለዓመታት ሃላቃ ሳይሾም የቀረው በዚህ ነው። ግን ከወጣን በኋላ ያጣነው ነገር አለ። ጠብ ሲነሣ ጉባኤያችን የራሱን አባላት ብቻ ያስታርቃል፤ ኦርቶዶክሱን ጎረቤት ማን ይጥራው? በእኛ አካባቢ መፍትሔ የሆነው ዱቡሻውን ያለ መሥዋዕት፣ በየሃይማኖቱ ጸሎት መቀመጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት። የዱሮ ሰዎች ነብር እንኳን ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይሉ ነበር፤ ቢሆንም በእነዚያ ቀናት ከብታቸውን መጠበቅ አይተዉም ነበር። እምነትና ጥንቃቄን አብሮ መያዝ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።

ከጨንቻ_ማዶ ጻፈ፦

እህቴ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ ገበሬ እፈልጋለሁ ብለሻልና ይኸው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የተናገርሽው ሁሉ በእኛም ዴሬ ሆኗል። ወግ ነው ተብሎ ተደረገ እንጂ ግፍ ነው።

እኔ ተስፋ የማደርገው በራሱ በወጉ ነው። ዱቡሻ ወግን ይጠብቃል፣ ይለውጣልም። የጥሎሽ ልክ በዱቡሻ ተቀንሷል፤ የለቅሶ ድግስ የሰውን ቤት ሲያራቁት በዱቡሻ ተወስኖ አጥሯል። አንድ ሰው ይነሣል፣ «ይህ ነገር እየጎዳን ነው» ይላል፣ ይነጋገራሉ፣ ከተስማሙ አዲሱ ወግ ይታወጃል፤ ከዚያ በኋላ ጎሜ የሚሆነው አዲሱን መጣስ ነው። መንግሥት በአዋጅ ሰው ሁሉ እኩል ነው ካለ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ደጋው ግን በአዋጅ አልተለወጠም። ዱቡሻው ራሱ ቢወስን ማንም ገበሬ ደጃፉ ላይ ሰው አያስቀምጥም፤ ይፈራልና። በማስቃላ ሁሉም ሰው አገር ቤት ስለሚገባ ጉባኤው ሙሉ ነው። በመጪው እኔ ተነሥቼ እናገራለሁ፤ የሽሮ ሜዳው ወንድሜም ስለ ሕፃናቱ ይነሣ።

የሽሮ_ሜዳ_ሸማኔ ጻፈ፦

እነሣለሁ። የተመለሱ ልጆችም ራሳቸው እንዲናገሩ ይዣቸው እገባለሁ።

የሸክላ_ሠሪ_ልጅ ጻፈች፦

እሺ። እንግዲያው ስትነሣ ስለ ክብር ብቻ አትናገር። ሦስት ነገር ጥራልን። የሸክላ አፈር የምናወጣበት ቦታ በሌሎች ማሳ ውስጥ ስለሆነ በየዓመቱ እየተለመነ ነው የሚሰጠን፤ መንገዱና ጉድጓዱ የእኛ ተብሎ ወሰን ይቀመጥለት። ለማቃጠያ የሚሆን እንጨትና ሣር እንዳንከለከል። ሦስተኛው፣ በዚያ ቀን እናቴ ትምጣ፤ ቆማ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ትስማህ፤ የምትለውም ካላት ተነሥታ ትናገር። አፈር የምታወጣበትን ቦታ ከእኔ ይልቅ እሷ ታሳያችኋለች።